ለመስቀል አገር ቤት የምትገቡ ሁሉ፣ ቢላ ይዛችሁ ግቡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጳጉሜ በገባ ቁጥር ጋዜጦች ስለ ሰንጋና ስለ ቅቤ ዋጋ ይጽፋሉ። ዘንድሮ ክትፎው ስለሚቀርብበት ቆጮ፣ ከቆጮውም በፊት ስለ እንሰቱ አንድ ገጽ እንድትሰጡልን ለመለመን ብዕሬን አንሥቻለሁ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ ጓሮዎቻችንን እያራቆተ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ደግሞ በሽታውን ከቤት ወደ ቤት ተሸክመን የምናዞረው እኛው ራሳችን መሆናችን ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ጉራጌ አገር ቸሃ ውስጥ በእናቴ ጓሮ የአንድ እንሰት መሐል ቅጠል፣ ገና በቅጡ ያልተፈታው ለጋው፣ ጫፉ ታጥፎ ጠወለገ። የዳር ቅጠሎቹ አረንጓዴ ነበሩ። ጎረቤት ውርጭ ነው አለ፤ አጎቴ ፍልፈል ጠረጠረ። ከዚያም ከተማ ወርዶ «ለእንሰት የሚሆን መድኃኒት» ብሎ ጠየቀ። ሻጩም ምን ሆነ ብሎ ሳይጠይቅ አንድ ዱቄት ሸጠለት። ማሸጊያውን በኋላ ሳነበው የቅጠል ሻጋታ መከላከያ ነው ይላል። አጎቴ ከመርጨቱ በፊት ጓሮውን ላጽዳ ብሎ የደረቀውን ቅጠል በአንድ ቢላ ከእንሰት ወደ እንሰት እየዞረ መለመለ። ደግ አደረግሁ ብሎ ነው፤ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። በተከታዩ ክረምት ከሠላሳ ሁለት እግር እንሰት የቀረው አምስት ነበር።

እንሰት እንደ ጎመን ዘንድሮ ተተክሎ ዘንድሮ አይበላም። ለቆጮ እስኪደርስ አምስት፣ ስድስት ዓመት ይጠበቃል፤ በደጋ ከዚያም ይበልጣል። እናቴ በዚያች ግማሽ ቀን ያጣችው የስንት ዓመት ድካም እንደሆነ አንባቢ ያስላው።

በሽታውን መለየት ግን አዋቂ ፍለጋ የሚያስኬድ አይደለም። የጠወለገውን ቅጠል ወፍራም አገዳ ግንዱ አጠገብ አግድም ቁረጡትና አንድ ስኒ ቡና እስኪጠጣ ጠብቁት። ከተቆረጠው ቦታ ወደ ቢጫ የሚያደላ ዝልግልግ ፈሳሽ ነጥብ ነጥብ እያለ ከወጣ አጠውልግ ነው። ፍልፈል የበላው እንሰት እንዲህ ያለ ፈሳሽ አያወጣም፤ ሥሩ ተቦርቡሮ፣ አጠገቡም አፈር ተቆልሎ ይገኛል። በሲዳማና በጌዴኦ የሚያስቸግረው የሥር ተባይም ሌላ ነው፤ ያ የያዘው እንሰት ቀጭጮ በቀላሉ ይነቀላል፣ ሥሩ ላይም ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል። ሦስቱንም «እንሰቱ ደረቀ» ብለን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው ነው ለሦስቱም አንድ ዱቄት የሚሸጥልን። የቆረጣችሁበትን ቢላ ግን እዚያው እሳት ውስጥ አስገቡት።

አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ተመራማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋወቁት ከእኛው አገር እንሰት ላይ አግኝተውት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ በኡጋንዳ የሙዝ እርሻዎች ላይ ተገኘ። የታመመውን እንሰት የሚያድን ርጭት የለም። ማንም ሸጦላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ብቻ ነው የወሰደው። ያለው መፍትሔ የታመመውን ከነሥሩ ነቅሎ፣ ከትክትቶ፣ ከጓሮው ራቅ አድርጎ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ነው። መንገድ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ መጣል በሽታውን ለጎረቤት መላክ ነው። ለከብትም አይሰጥ፤ ከብቱን ባያሳምመውም የታመመውን ነጭቶ ጤነኛውን ሲነጭ ያስተላልፋል። በዚያው ጉድጓድ ቶሎ ሌላ እንሰት መትከልም ልፋት ማባከን ነው። ከወላይታ በኩል የሚታወቀው ማዝያ የተባለው ዝርያ ከሌሎቹ የተሻለ ይቋቋማል ይባላል፤ እሱም ቢሆን በታመመ ቢላ ከተቆረጠ ዋስትና የለውም።

ሁሉም የሚዞረው ወደ ቢላው ነው። መስቀል ሲቃረብ ሴቶች ተጠራርተው እንሰት ይፍቃሉ፤ ዛሬ እዚህ ቤት፣ ነገ እዚያ ቤት፣ መቁረጫቸውን እንደያዙ። ቅጠል ቆርጦ ለገበያ የሚያወጣውም በአንድ ቀን ስንት ጓሮ ይገባል! እዚህ አዲስ አበባ ድፎ ዳቦ የምንደፋበት ኮባ የሚመጣው በዚያው እጅ ነው። መረዳዳቱ ይቅር አልልም፤ ያለ እሱ የእንሰት ሥራ አይሞከርም። ነገር ግን ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ከመሻገር በፊት ቢላውን እሳት ላይ አግሎ ማቀዝቀዝ፣ እሳት ከሌለ በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ በደንብ ማጠብ የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሸንጎ የሆነው የጆካ ሽማግሎች ስለ ስንቱ ነገር ቂጫ፣ ማለትም ባህላዊ ሕግ፣ አበጅተው አገር አስተዳድረዋል። ቢላ ሳያግል ሰው ጓሮ የገባ ይጠየቅ ቢሉ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጥ እንደሚሰማ አልጠራጠርም።

አዘጋጁን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የተቆረጠ የታመመ እንሰት ፎቶግራፍ፣ ያ ቢጫ ፈሳሽ በደንብ እንዲታይ አድርጋችሁ፣ ከመስቀል በፊት አትሙልን። አገር ቤት የሚገባ ሰው ጋዜጣውን ይዞ ገብቶ ለእናቱ ያሳያታል።

እኔ ዘንድሮ ከቡናውና ከነጠላው ጋር ሁለት ቢላ ገዝቻለሁ። በእጀታቸው ላይ ቀይ ክር አስሬባቸዋለሁ፤ ቀይ ክር ያለበት ከእናቴ ጓሮ አይወጣም፣ ሌላም ቢላ በእነሱ ፈንታ አይገባም። ለጎረቤቶቿ የገዛኋቸው ሌሎች ሦስት ደግሞ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ ክር አላቸው።

የጋዜጣችሁ አንባቢ፣
ከአዲስ አበባ