ለወዳጄ፣ ስለ ወንድምህ ወገብ

ከቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለወዳጄ፤

እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «ማን ነው የጠፋው» የሚለውን ወቀሳ ስንገናኝ በቡና ላይ እንካፈለዋለን፤ አሁን የወንድምህ ነገር ይብሳልና እሱን ላስቀድም።

የላክኸው ወረቀት በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ፣ ማለት አጥንቶቹን የሚለየው ለስላሳ ትራስ፣ ወጥቶ ነርቭ ተጭኗል ይላል። እንደጻፍክልኝ ከሆነ ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ነገውኑ ቀዶ ጥገና ይደረግለት ይላል፣ ግማሹ ደግሞ ቢላ ከነካው ሽባ ይሆናል ብሎ ይፈራል። እኔ ከሁለቱም አልቆምም። ነርቭ የሚሰጠው ጊዜ እንደ ጉዳቱ ይለያያል፤ አንዱ ሦስት ወር ይታገሣል፣ ሌላው ሁለት ቀን እንኳ አይታገሥም። የወንድምህ የትኛው እንደሆነ የኤምአርአይ ፊልሙ ብቻውን አይነግረንም፤ እግሩም መጠየቅ አለበት።

ፊልም ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ቀደም ያሉ 33 ጥናቶችን ሰብስቦ ሕመም የሌላቸውን 3,110 ሰዎች አከርካሪ ተመልክቷል። ከ20 ዓመት ወጣቶች ከመቶ 30ው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ከመቶ 84ቱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኝቷል፤ አንዳቸውንም ግን አላመማቸውም። ፊልሙና እግሩ አንድ ነገር ሲናገሩ ነው ዲስኩን የምንከሰው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ በጀርባው አስተኛውና ጉልበቱን ሳያጥፍ እግሩን ቀስ ብለህ አንሣለት። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መካከል ሕመሙ ከጉልበት በታች ከወረደ ነርቩ ተይዟል ማለት ነው። ቀጥለህ የእግሩን አውራ ጣት ወደ ላይ እንዲስብ ንገረውና አንተ በጣትህ ወደ ታች ተጫነው፤ ሁለቱን እግር አወዳድር። በተረከዙ ብቻ ቆሞም ይራመድ። በዚያ ቦታ የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚጫነው አምስተኛውን የወገብ ነርቭ ነው፤ አራተኛው ከዲስኩ በላይ ቀድሞ ወጥቶ ሄዷልና። ስለዚህ የሚደክመው አውራ ጣት ነው፣ የሚደነዝዘውም ከጣቶቹ በላይ ያለው የእግሩ የላይኛው ገጽ። ሕመሙ ተረከዝና ትንሿ ጣት ላይ ከሆነ፣ በጣቶቹ ጫፍም ደጋግሞ መነሣት ካቃተው፣ የተያዘው አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ነርቭ ነውና ከወረቀቱ ጋር አይገጥምም። ወገቡን ብቻ አሞት እግሩ ላይ ምንም ካልወረደ ደግሞ ዲስክ ማውጣት ብዙም አይጠቅመውም።

ሕመሙ እግሩ ላይ ወርዶ የእግሩ ኃይል ግን ካልደከመ መታገሥ ያዋጣል። በኔዘርላንድ 283 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹን ቶሎ ቀዶ ጥገና ሲያደርጉላቸው ግማሾቹን እንዲጠብቁ አደረጓቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ቶሎ ከተሠሩት ግማሾቹ በ4 ሳምንት ገደማ ተሻላቸው፣ ከጠበቁት ግማሾቹ በ12። በዓመቱ መጨረሻ ግን ከሁለቱም ወገን ከመቶ 95ቱ ድነው ነበር፤ ከጠበቁት ከመቶ 39ኙ በመካከሉ ሕመሙ ስለበረታባቸው ቀዶ ጥገና ማድረጋቸው ሳይረሳ። ይገርምሃል፣ ከቦታው ወጥቶ የተቆረጠ ትልቅ የዲስክ ቁራጭ ከትንሹ እብጠት ይልቅ ራሱ ይጠፋል፤ የደም ሴሎች እንደ ባዕድ ነገር ቆጥረው ይበሉታል። መጠበቅ ሲባል አልጋ ላይ መዋል አይደለም፤ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ከተኛ ጡንቻው ይላላል። ይራመድ፣ ረጅም አይቀመጥ፣ ሲሚንቶም አይሸከም። ወጌሻ ወገቡን እንዳይረግጠው አደራ።

ጊዜ የማይሰጠውን አሁን ስማ። ህብለ ሰረሰር፣ ማለት በአከርካሪው ውስጥ የሚወርደው የነርቭ ገመድ፣ የሚያልቀው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በታች የነርቭ ክሮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። ትልቅ ዲስክ እነዚህን ባንዴ ሲጨፈልቅ መቀመጫውና በጭኖቹ መካከል ያለው ቆዳ ይደነዝዛል፣ ሽንት እንቢ ይላል ወይም ሳይታወቅ ያመልጣል፣ አንዳንዴም ሁለቱም እግር ይዝላል። ይህ በ48 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ጥገና የሚፈልግ ነው፤ ባጠረ ቁጥር ይሻላል። የእኛ ሰው ሽንት ሲይዘው «ብርድ ነው» ብሎ ትኩስ ነገር እየጠጣ ሦስት ቀን ያቃጥላል፤ ፊኛው እየሞላ ስለማይሰማውም ያልታመመ ይመስለዋል። የእግር ጫፍ እየወደቀ መሬት የሚጎተት ከሆነም፣ ሰዓት አይቆጠርም እንጂ ሳምንታት መጠበቅ ልክ አይደለም።

ዲስክ የሚመስል ሌላም አለ። ማታ ማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ተኝቶም የማይለቅ የጀርባ ሕመም ካለው የአከርካሪ ቲቢ ይጠርጠር፤ በአገራችን ብርቅ አይደለም። የሚበላው የአጥንቱን የፊት በኩል ስለሆነ ጀርባው ላይ ሾጠጥ ያለ ጉብታ ይወጣል። መድኃኒቱ ከ9 እስከ 12 ወር ይወሰዳል፤ ቀዶ ጥገናው አጥንቱ እየጎበጠ ሲሄድ ወይም እግር ሲደክም ነው።

ቀዶ ጥገና ከሆነ ደግሞ የሚሆነውን እወቅ። በሆዱ ያስተኙታል፣ ሆዱ ግን ነጻ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከተጫነ በአከርካሪው ውስጥ ያሉት ደም ሥሮች ይሞሉና ሐኪሙ በደም ውስጥ ይሠራል። መርፌ ሰክተው በራጅ ደረጃውን ያረጋግጣሉ። አንዳንድ ሰው አምስተኛው የወገብ አጥንቱ ከታችኛው ጋር ተጣብቆ ስለሚወለድ ቆጠራው ይስታል፤ በጤነኛ ቦታ የተከፈተ ወገብ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀደዳል፣ ጡንቻው ወደ ጎን ይገፋል፣ ከአጥንቱ ጥቂት ይነሣና ቢጫው ጅማት ይከፈታል፣ ነርቩ በቀስታ ወደ መሐል ይሳብና ቁራጩ ይወጣል። የሚወጣው የላላው ብቻ ነው፤ ዲስኩ በሙሉ አይፋቅም። በፊት በኩል ትልልቅ ደም ሥሮች አሉና መሣሪያ ጠልቆ ካለፈ ሕይወት ያስከፍላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለወጣ ተራ ዲስክ ብሎንና ዘንግ አያስፈልግም፤ «ብሎን ይገባል» ከተባላችሁ ለምን ብላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ ከቁስሉ ንጹሕ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣና ሲቀመጥ ራሱን ፈልጦት ሲተኛ ከተወው የነርቩ ሽፋን ተቀዷል፤ ይመለስ። ከሳምንታት በኋላ ከበፊቱ የባሰ የወገብ ሕመም ቢመጣ ዲስኩ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል።

ነርቭ በስቴም ሴል፣ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ በሚችል ሴል፣ ይጠገናል ወይ ላልከኝ፦ ከአከርካሪ የወጣ ነርቭ ራሱ ያድጋል፣ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል። ከወገብ እስከ እግር አንድ ሜትር ቢሆን ሦስት ዓመት ሊፈጅ ነው፤ ነርቭ የተቋረጠበት ጡንቻ ግን ከ12 እስከ 18 ወር ካለፈው ነርቩን መልሶ አይቀበልም። ደግነቱ በዲስክ የሚሞቱት ከክሮቹ ጥቂቱ ናቸው፤ የተረፉት ቅርንጫፍ አውጥተው የሞቱትን ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሕመሙ ይለቃል፣ የእግሩ ኃይል ይከተላል፣ ድንዛዜው መጨረሻ ይቀራል። ህብለ ሰረሰር ግን ሌላ ነው፤ ጠባሳውና እያንዳንዱን ክር የሚጠቀልለው ቅባታማ ልባስ ራሱ እድገቱን ያግዱታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ካናዳ ውስጥ ከእግር የተወሰደ ነርቭ በአይጥ ህብለ ሰረሰር ላይ ሲተከል ክሮቹ በውስጡ አድገው ታዩ፤ ክሩ ማደግ እንደሚችል፣ የከለከለው አካባቢው እንደሆነ የታወቀው ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በሎዛን ከተማ በአከርካሪ ላይ ኤሌክትሪክ በመስጠት ሦስት ሰዎች እንደገና ተራምደዋል፤ ሦስቱም ግን ጥቂት ክር የተረፈላቸው ናቸው። በስቴም ሴል መርፌ ህብለ ሰረሰር እንጠግናለን ብለው ገንዘብ ለሚጠይቁ መሬት አትሽጡ።

ወንድምህ ፎርማን ስለሆነ ይህንንም ንገረው። እዚህ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ በየአጥሩ ውስጥ ሕንፃ ይነሣል፣ መወጣጫው አጣና ነው። ሰው ሲወድቅ ብብቱንና ጉልበቱን ይዘው ባጃጅ ውስጥ አጥፈው ያስቀምጡታል፤ ህብለ ሰረሰሩ ሳይነካ የተሰበረ አጥንት እዚያ ውስጥ ሲታጠፍ ይቆርጠዋል። አንድ ሰው ከራስጌ ተንበርክኮ ጭንቅላትና አንገቱን ይያዝ፤ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች በአንድ ጎን ትከሻውን፣ ዳሌውንና ጉልበቱን ይዘው ባንድ ላይ ያዙሩት፣ አምስተኛው የበር ሳንቃ ወይም ለአርማታ የመጣ ፕላይውድ ከሥሩ ያስገባ። በራሱ ግራና ቀኝ የተጠቀለለ ልብስ ይደረግ፤ መጀመሪያ ደረቱና ዳሌው፣ መጨረሻ ጭንቅላቱ ይታሰር። ቢያስታውከው ከነሳንቃው ወደ ጎን ይዘንበል። ቀይ መስቀልን በ907 ይጥሩ፤ አምቡላንስ ካልተገኘ ፒክአፕ ይሻላል። ሐኪም ቤት ሲደርስ ከሳንቃው ቶሎ ይውረድ፤ የደነዘዘ ቆዳ በጥቂት ሰዓት ይቆስላል።

የኤምአርአዩን ሲዲ በሰው ላክልኝ፣ ወረቀቱን ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ ራሴ ልየው። አውራ ጣቱን ከፈተሽክ በኋላም ደውል፤ ከዚያ በፊት ግን ሽንቱን እንደ ድሮው ይሸና እንደሆነ ጠይቀው።

እማማን ሳምልኝ።

ወዳጅህ