የማር ቀለሙን ሲኒ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ሱቃችን የገባ ሁሉ ማለት ይቻላል «የማር ቀለሙ ሲኒ የት ገባ?» እያለ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ ተሰብረውባችሁ መተኪያ ስትፈልጉ ያጣችሁ አላችሁ። ቡና ቤት ያላችሁ ደግሞ አንድ ዓይነት የነበረው ረከቦታችሁ ዝንጉርጉር ሆነባችሁ። ቀብድ ከፍላችሁ ሌላ ቀለም የተረከባችሁም ነበራችሁ። አስቀድመን አለማሳወቃችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔውን ግን አንለውጠውም። «ጥራት ቀንሰው ዋጋ ጨመሩ» መባሉን ሰምተናል፤ ከፍቶናል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተንሻፈፈ ሲኒ ከእጃችን እንዳይወጣ አንድ በአንድ እያገላበጥን ስንመርጥ ለኖርን ሰዎች ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳችሁ፤ ቢረዝምም ታገሡን።

ግሌዝ የምንለው ሸክላው ላይ የቀለጠ መስታወት ነው። መስታወት የሚሆነው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋው ማዕድን፣ ነው፤ ንጹሕ ሲሊካ ግን 1,700 ዲግሪ ካላለፈ አይቀልጥም፤ እዚያ ሳይደርስ ሸክላው ራሱ ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት ማቅለጫ ይገባበታል፦ ሶዳ፣ ፖታሽ፣ ኖራ፣ ቦሮን ወይም እርሳስ። እርሳስ ስንል የመጻፊያውን ሳይሆን ሊድ የሚባለውን መርዛማ ከባድ ማዕድን ነው። ካኦሊን ከሚባለው ነጭ ሸክላ አፈር የሚገኘው አሉሚና ደግሞ የቀለጠው መስታወት ከሲኒው ግድግዳ ላይ ተንሸራትቶ ምድጃው ወለል ላይ እንዳይፈስ ያወፍረዋል።

ከማቅለጫዎቹ ሁሉ ለሠሪው እንደ እርሳስ የሚመች የለም። በዝቅተኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ፊቱ ለጥ ብሎ ይተኛል፣ የመርፌ ቀዳዳ እምብዛም አይታይበትም። ብርሃንንም ከተራ መስታወት አብልጦ ስለሚያጎብጥ ያብለጨልጫል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ሬቨንስክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1670ዎቹ ያሻሻለውና ኋላ «ክሪስታል» እየተባለ የተሸጠው መስታወት ነጸብራቁን ያገኘው ከዚሁ ከእርሳስ ነው። የእኛ የማር ቀለምም እንደዚያው ነበር፦ የእርሳስ ፍሪት፣ ትንሽ ካኦሊን፣ 3 ከመቶ ያህል የብረት ኦክሳይድ፣ በ1,060 ዲግሪ። ብረቱ በመስታወቱ ውስጥ ፈጽሞ ይሟሟል፤ ብርሃኑ ያልፍና ከሥር ያለውን ነጭ ሸክላ መትቶ ይመለሳል። በብርሌ ያለ ጠጅ ወደ መስኮት ሲያዙት የሚታየው ቀለም ማለት ነው። የወደዳችሁት እሱን ነው፤ እኛም እንወደው ነበር።

ፍሪት አስቀድሞ ቀልጦ፣ ቀዝቅዞ፣ ተፈጭቶ የሚመጣ መስታወት ነው። እርሳሱ ከሲሊካው ጋር ታስሮ ስለሚመጣ ከጥሬው የእርሳስ ዱቄት በእጅጉ ይሻላል፤ ልኩ ከተጠበቀና በሚገባ ከተቃጠለ አሲድም በቀላሉ አያወጣውም። ችግሩ ያለው «በሚገባ ከተቃጠለ» የሚለው ላይ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ይላላል። ለአረንጓዴ ቀለም መዳብ ከገባበትም እርሳሱ በቀላሉ ይለቃል፤ ይህ በሙያው የታወቀ ነው፤ ከእኛም ሲኒዎች ጠርዛቸው አረንጓዴ የሆነ ነበሩ። በዚያ ላይ ማዕዳችን ኮምጣጣ ነው፦ እንጀራው፣ ሎሚው፣ ጠጁ፣ ቲማቲም የበዛበት ወጥ።

የምግብ ዕቃ የሚፈተነው 4 ከመቶ አሴቲክ አሲድ (ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው) ተሞልቶበት በ22 ዲግሪ ለ24 ሰዓት ከቆመ በኋላ ወደ ፈሳሹ የወጣው ተለክቶ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣችው መመሪያ ለጎድጓዳ ዕቃ የተፈቀደው እርሳስ በሊትር 4 ሚሊ ግራም፣ እንደ እርሳሱ መርዛማ የሆነው ካድሚየም ደግሞ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ ይልቁንም ለሕፃናት።

ያየነውን እንንገራችሁ። ጠርዙ አረንጓዴ ከሆነው ሲኒ አንዱን ነጭ ኮምጣጤ ሞልተን፣ ከድነን አሳደርነው። በማግስቱ አጥበን፣ አድርቀን ከመንትያው ጎን አስቀመጥነው። ኮምጣጤው የነካው ሁሉ ጉም እንደለበሰ መስኮት ደብዝዟል፤ ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል፤ ፈሳሹ የቆመበት ልክ በክር የተሰመረ ይመስል ዙሪያውን ይታያል። መዝገባችንን ስናገላብጥ ያ ሲኒ የወጣው ምድጃው 1,010 ዲግሪ ላይ ሳለ መብራት ሄዶ እስከ ንጋት ካልተመለሰበት ቃጠሎ ነው። ሲወጣ ግን እንደ ሌላው ያበራ ነበር። እርሳስ ቀድሞ ስለሚቀልጥ ያልበሰለውን የበሰለ ያስመስለዋል፤ ዓይናችን አልለየውም፤ አገላብጠን መርጠን፣ ይሁን ብለን ለሽያጭ ደርድረነዋል።

ውሳኔያችን የመጣው ከዚህ ነው። ሌላ አገር መብራት ሳይቆራረጥ የሚሠራ ሰው የእርሳስ ፍሪቱን ልኩን ጠብቆ ያቃጥል ይሆናል። እኛ ግን ሌሊቱን ሙሉ መብራት እንደማይጠፋ ዋስትና የለንም፤ ስለዚህ ያልበሰለ ሲኒ ራሱን የሚያጋልጥበት ግሌዝ ያስፈልገናል። ስትገዙም እርሳስ እንዳለበት አልነገርናችሁም፤ ፍሪት ስለሆነ ይበቃል ብለን ነበር። አልበቃም።

አዲሱ ግሌዝ በዓለም ያሉ ሸክላ ሠሪዎች የሚያውቁት ቀመር ነው፤ ምስጢር ስላልሆነ እንጽፈዋለን። ፌልድስፓር (ሶዳና ፖታሽ ያለበት ድንጋይ)፣ ሲሊካ፣ ዎላስቶናይት (ኖራና ሲሊካ ያለበት ማዕድን)፣ ካኦሊንና የቦሮን ፍሪት፣ እያንዳንዳቸው 20 ከመቶ። እርሳስም ካድሚየምም የለበትም። የሚበስለው 1,220 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ ካልደረሰ ደብዛዛና ሻካራ ሆኖ ይወጣል፤ ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል፤ አይሸጥም። ከቃጠሎው መለኪያ ሌላ፣ በየመደርደሪያው ልኩ ሲደርስ የሚጎብጡ ሾጣጣ የሙቀት ምስክሮች እናቆማለን፤ ጀርመናዊው ሄርማን ዜገር እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራቸው ዓይነት ናቸው። እነሱ ልክ እንደ ግሌዙ የዲግሪውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሙቀቱ ውስጥ የቆዩበትንም ጊዜ ተሸክመው ይጎብጣሉ። የመጨረሻው ሾጣጣ ካልጎበጠ ያ መደርደሪያ ወደ ምድጃው ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የማር ቀለሙ ለምን አብሮ አልመጣም? ሞክረናል። በዚህ መስታወት 3 ከመቶ ብረት የሰጠን የደረቀ ገለባ ቀለም ነው፤ 8 ከመቶ ስናደርሰው ጠቆረ። አሁን የምንጠቀምበት ቢጫ፣ ፕራሲዮዲሚየም የሚባል ማዕድን ዚርኮን ከሚባል ሌላ ጠንካራ ማዕድን ጋር ተቃጥሎ የሚሠራ ማቅለሚያ ነው። የዚርኮን ማቅለሚያዎች መንገድ የተከፈተው አሜሪካዊው ክላረንስ ሲብራይት እ.ኤ.አ. በ1948 የቫናዲየሙን ሰማያዊ የፈጠራ መብት ሲያወጣበት ነው፤ ቢጫው ከዚያ በኋላ መጣ። ቀለሙ በዚርኮን ክሪስታል ውስጥ ስለታሰረ እሳቱም አሲዱም አያገኘውም። ነገር ግን በመስታወቱ ውስጥ አይሟሟም፤ ብናኝ ሆኖ ይንሳፈፋል፤ ብርሃን አያሳልፍም። የቀድሞው እንደ ጠጅ ከነበረ ይህ እንደ ወተት ነው። «ቀለሙ ሞቷል» ያላችሁት ለዚህ ነው፤ ዓይናችሁ ልክ ነው፤ ሰበቡ ግን ርካሽ ዕቃ መግዛታችን አይደለም፤ እንዲያውም ከቀድሞው በብዙ ይወደዳል። ደማቅ ብርቱካናማ እንድናመጣ የጠየቃችሁንም አልረሳንም፤ እሱ ካድሚየም በዚርኮን ተሸፍኖ የሚሠራ ነው፤ ሽፋኑ በወፍጮ ወይም በሙቀት ብዛት ከተበጣጠሰ ካድሚየሙ ይገለጣል፤ ለመጠጫ ዕቃ አንነካውም።

«ሲኒው አነሰ» ላላችሁን፦ እውነት ነው፣ አንሷል። በ1,060 ሸክላችን ከቅርጹ 7 ከመቶ ይኮማተር ነበር፤ አዲሱ በ1,220 ሲቃጠል 12 ከመቶ ይኮማተራል። በአሮጌው ቅርጽ የወጡት የመጀመሪያዎቹ 80 ሚሊ ሊትር መያዝ ሲገባቸው 68 ገደማ ነው የያዙት። ቅርጾቹን 6 ከመቶ አስፍተን እንደገና ሠርተናል፤ ከጥቅምት ጀምሮ የሚወጣው እንደ ድሮው ይይዛል። መኮማተሩ ግን ጥቅምም አለው፦ የቀድሞው ሸክላ ውሃ ይመጥ ነበር፤ ይህኛው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ተንጠባጥቦ ጠረጴዛ ላይ ክብ አይተውም።

የመጀመሪያው ወር ሲኒዎች ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያያችሁም ትክክል ናችሁ። ሲቀዘቅዝ ግሌዙ ከሸክላው አብልጦ ከተኮማተረ ይሰነጠቃል፤ ከፌልድስፓሩ የሚገባው ሶዳና ፖታሽ ይህን ያብሰዋል። ሲሊካውን ወደ 26 ከፍ፣ ፌልድስፓሩን ወደ 14 ዝቅ አደረግን። አሁን ከእያንዳንዱ ምድጃ ሁለት ሲኒ ከፈላ ውሃ አውጥተን በረዶ ውሃ ውስጥ እንነክራለን፣ ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ ቀለም እንቀባቸዋለን። ቀለም የገባበት ስንጥቅ ከታየ ምድጃው ሙሉ አይሸጥም።

አሁን ወደ ዋጋው። ካኦሊኑን ከቦምቦሃ፣ ፌልድስፓሩን ከቀንጢቻ እናመጣለን፤ ሁለቱም ከጉጂ ምድር ናቸው፤ ይህ ረድቶናል። ፍሪቱ፣ ዎላስቶናይቱና ማቅለሚያው ግን በዶላር ነው የሚገቡት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ እኛ ግን የእንቁጣጣሹን ትእዛዝ በድሮው ዋጋ አስረክበናል፤ አልነገርናችሁም እንጂ። ቃጠሎውም ረዘመ፦ እስከ 600 ዲግሪ በሰዓት 100 (ሲሊካው 573 ላይ ቅርጹን ስለሚለውጥ እዚያ መቸኮል ሲኒ ያሰነጥቃል)፣ እስከ 1,120 በሰዓት 150፣ እስከ 1,220 በሰዓት 60፣ ከዚያ የመርፌ ቀዳዳው እንዲዘጋ 15 ደቂቃ። ዘጠኝ ሰዓት የነበረው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ መብራቱን ይበልጥ የሚበላውም የመጨረሻው መቶ ዲግሪ ነው። መብራት በመሀል ከሄደ ያው ምድጃ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል። 1,500 ብር የነበረው የስድስት ሲኒ ስብስብ 1,950 ብር የሆነው በዚህ ነው። ጭማሪው ለኪሳችን ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍን ነበር።

ምጣድ በግሌዝ አልብሱልን ላላችሁን እናቶች፣ እምቢ ያልነው ሥራ ጠልተን አይደለም። ምጣድ በእሳት የሚኖር ዕቃ ነው፤ የሚችለውም ሸክላው ክፍት ስለሆነና ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ስለሚተነፍስ ነው። ላዩን በመስታወት ብንደፍነው ሸክላውና መስታወቱ እኩል ስለማይለጠጡ በጥቂት ጋገራ ይላላጣል፤ ፍርፋሪውም እንጀራ ላይ ይቀራል። በጎመን ዘር ማሟሸት ከሁሉ የተሻለ ልባስ ነው፤ ዘይቱ በሙቀት ደርቆ ሸክላው ውስጥ ይያዛል፤ ሲያልቅም በድጋሚ ይሟሻል። ጀበናም እንዲሁ።

የማር ቀለም ሲኒ ቤታችሁ ያለ፣ እባካችሁ ለመጠጥም ለምግብም አትጠቀሙበት። በኮምጣጤ ሞክሬ ምንም አልሆነም ብላችሁም አትመኑት፤ መደብዘዙ መጥፎነቱን ያሳያል፤ አለመደብዘዙ ግን ደኅንነቱን አያረጋግጥም። ጠርዙ አረንጓዴ የሆነውን አስቀድማችሁ አምጡ። ደረሰኝ አንጠይቅም፤ የእጃችንን ሥራ እናውቀዋለን። አንድ ለአንድ ያለ ክፍያ እንቀይራለን፤ የተሰነጠቀና ጠርዙ የረገፈም ቢሆን። ቡና ቤቶች ሙሉውን የምትቀይሩ ከሆነ ተጨማሪ የምትፈልጉትን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በ1,500 ብር ሒሳብ እንሰጣችኋለን። ቀብድ ከፍላችሁ አዲሱን ቀለም ያልወደዳችሁ ገንዘባችሁ ሙሉው ይመለሳል።

እስካሁን የቆምነው በእናንተ ነው። ወደ ሌላ ሱቅ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ የሚያበራ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ሲኒ ስትገዙ «እርሳስ አለበት? ስንት ዲግሪ ተቃጠለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከእኛ ባትገዙም።

ቅያሪው ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ነው። አንድ ምድጃ የሚይዘው ሃያ ስብስብ ብቻ ስለሆነ የሳምንቱ ሲኒ ካለቀባችሁ ስማችሁን አስመዝግባችሁ አሮጌውን ትታችሁ ሂዱ፤ ተራችሁ ሲደርስ እንደውላለን።

አክባሪያችሁ፣
የሸክላ ሥራ ቤቱ ባለቤት ከነሠራተኞቹ
ጥቅምት 2017 ዓ.ም.