ክረምቱ ሳይገባ ለኮምፖስታችን ጣሪያ እናልብስ

የግቢያችን ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ሰራተኞች፣ እዚሁ ተምራችሁ የወጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የደብረ ማርቆስ ነዋሪዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የምጽፈው ከፍርፋሪና ከቅጠል ለምናብላላው ማዳበሪያ፣ ለኮምፖስታችን፣ ጣሪያ የሚሆን ቆርቆሮ፣ አጠናና ሚስማር ልለምናችሁ ነው። ለምን እንደሆነ ከስሩ ላስረዳ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ በአንዱ ጠዋት ከዶርሞቹ ጀርባ ከአንዲት የጽዳት ሰራተኛ እናታችን ጋር ቆሜ ነበር። አንድ ጥቁር ፌስታል ፈቱ። ሽሮ የነካው እንጀራ፣ ግማሽ ውሃ ያለው ሃይላንድ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ ሀንድአውት፣ ከስር ደግሞ ያገለገለ ምላጭ ወጣ። እጃቸው ላይ ጓንት አልነበረም። ሃይላንዱን አንስተው ውሃውን ደፉ፤ በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉት። «ንጹህ ከሆነ ቆራሌው ይወስደዋል፤ ወጥ ከነካው ግን ዞር ብሎም አያየው» አሉኝ። ሀንድአውቱን ገለጥ አደረጉና መልሰው ጣሉት። «ይሄማ አንዴ ረጥቧል፣ ልጄ።»

ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ፍርፋሪው ብቻውን ቢሆን ማዳበሪያ ይሆናል። ወረቀቱና ሃይላንዱ ለብቻቸው ቢቀመጡ ይሸጣሉ። አንድ ፌስታል ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል፤ ሁሉም ተያይዞ ጉድጓድ ይገባና ይቃጠላል። የላስቲክ ጭስ ሳንባ እንደሚጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። ከቃጠሎ የተረፈው ላስቲክ ደግሞ በመጀመሪያው ጎርፍ ወደ ወንዝ ይሄዳል። ጨሞጋ ከጮቄ ተነስቶ አባይ የሚገባ ወንዝ ነው። እኛ ዛሬ የጣልነው ፌስታል መንገዱ አባይ ድረስ ነው።

ስለዚህ በዚያው ዓመት ጥቂት ተማሪዎች፣ መምህራንና የጽዳት ሰራተኞች ሆነን በሁለት የዶርም ህንጻዎች ጀመርን። በየህንጻው ደጃፍ ሁለት አሮጌ በርሜል አቆምን። አንዱ ላይ «እርጥብ»፣ ሌላው ላይ «ደረቅ» ብለን በቀለም ጻፍን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተማሪው እያየ ይደባልቀው ነበር። ፕሮክተሮቹ፣ ማለትም የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ፣ እና በየፎቁ ያሉ ተማሪዎች ማታ ማታ ዶርም ለዶርም እየዞሩ ማስረዳት ሲጀምሩ ተለወጠ። ዛሬ ደረቁን የሚወስዱት የሰፈር ቆራሌዎች ናቸው። በምትኩ የሚሰጡት ገንዘብ ትንሽ ነው፤ ለጽዳት እናቶቻችን ጓንትና ሳሙና ግን ገዝቷል።

እርጥቡ ነው ያስቸገረን። የኮምፖስት ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ግን የራሱ ጸባይ አለው። ፍርፋሪና የድንች ልጣጭ ብቻውን ከተከመረ ይሸታል፣ ዝንብ ይጠራል። በመካከሉ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ሲነጠፍ ግን አየር ያገኛል። እኛ አንድ ንጣፍ ቅጠል፣ አንድ ንጣፍ ፍርፋሪ፣ ከዚያ እበት፣ ጥቂት አመድና አፈር እያደረግን ነው የከመርነው። መሃሉ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ሰክተናል። እንጨቱን መዘዝ አድርጎ በእጅ መዳሰስ ነው። ትኩስ ከሆነ እየሰራ ነው። ቀዝቅዞ ደረቅ ካለ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቅዞ ከረጠበና ከሸተተ ደግሞ ውሃ በዝቶበት ታፍኗል፤ መገልበጥ አለበት። የመጀመሪያውን ክምር እንጨት መዝዘን ትኩስ ሆኖ ያገኘነው ቀን የሁላችንም ፊት በራ።

ሁለተኛውን ክምር ግን ክረምት አበላሸብን። የጎጃምን ዝናብ ለእናንተ አልነግራችሁም። በላስቲክ ሸፈንነው፤ ነፋሱ ገለጠው። ውሃው ገባና ክምሩ ጭቃ ሆነ። ጥቁር ፈሳሽ እየወረደ ሄደ፤ ለሰብል የሚጠቅመው ነገር አብሮ ታጠበ። የሦስት ወር ልፋት ነበር። ጣሪያ ቢኖረው ኖሮ ይድን ነበር።

ይህን ያህል የምንጨነቅበት ምክንያት አለን። በምስራቅ ጎጃምና በአዊ ደጋ ብዙ ማሳ በአሲድ ተጠቅቷል። ገበሬው የገዛውን ማዳበሪያ ቢጨምርበትም አሲዱ እያለ ሰብሉ የሚገባውን ያህል አይጠቀምበትም። ኖራ ያስፈልገዋል፤ ከኖራው ጋር ኮምፖስት ሲገባ ደግሞ አፈሩ ይበረታል። ከግቢያችን አጥር ማዶ የሚያርሱ አባቶች አሉ። ካፌው በየቀኑ የሚጥለው ነገር የእነሱ ማሳ የሚፈልገው ነው። በመካከል ያለው አንድ አጥርና የኛ ስንፍና ብቻ ነው። በየቤታችን እኮ አመድ አይደፋም፣ አተላ ለከብት ይሰጣል፣ የተረፈ እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ግቢ ስንገባ ነው የረሳነው።

አሁን የምንለምነው ይህ ነው። 24 ቆርቆሮ፣ ለቋሚና ለማገር የሚሆን ባህር ዛፍ፣ ሚስማርና ጥቂት ሲሚንቶ። ለቀሩት ህንጻዎች 12 በርሜል። አንድ የእጅ ጋሪ፣ ወፍራም ጓንትና ቦት ጫማ። ያገለገለም ይሁን፣ የተላጠም ይሁን፣ በደስታ እንቀበላለን። አንድ ቆርቆሮ መግዛት የማይችል ለሁለት ለሦስት ተዳብሎ ያምጣ። እቃ የሌለው ገንዘብ መስጠት ይችላል፤ በግቢው ሂሳብ ክፍል በኩል በደረሰኝ ብቻ ነው የምንቀበለው። የገባውና የወጣው በየወሩ መጨረሻ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ይለጠፋል። ማንም ኮሚቴ ነኝ ብሎ በእጁ ብር ቢጠይቃችሁ አትስጡ።

የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ ለእናንተ የተለየ ልመና አለን። ባለፈው ምርቃት ማግስት ኮሪደሩ ላይ የተጣለውን ባልዲ፣ ጄሪካን፣ ብርድ ልብስና ሀንድአውት ሳይ አዘንኩ። በመስከረም ከገጠር የሚመጣ አንድ አዲስ ተማሪ ያንኑ ባልዲ ለመግዛት ከስንቁ ይቆርጣል። ከመውጣታችሁ በፊት የማትወስዱትን ለፕሮክተሩ ስጡ፤ አጥበን አስቀምጠን ለአዲሶቹ እናድላለን። ፌስታል በአዋጅ ተከልክሏልና እቃውን በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በዘንቢል አምጡት።

ጣሪያውን የምንሰራው በደቦ ነው። አናጺ አንቀጥርም፤ ከመምህራኑም ከሰራተኞቹም መዶሻ የሚችሉ አሉ። እናቶቻችን ቡና እናፈላለን ብለዋል። ከግንቦት ወር መጨረሻ በፊት ቆርቆሮው ከተሟላ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ከካፌው ጀርባ እንገናኛለን። መዶሻ ያለው መዶሻ፣ መጋዝ ያለው መጋዝ ይዞ ይምጣ።