የባለቤቴ የአንጎል ጉዳት የካሳ ፋይል እንደገና እንዲታይ የቀረበ ቅሬታ

ለመድን ድርጅቱ የካሳ ጥያቄዎች ክፍል ኃላፊ

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሥራ ላይ እያለ ከበላዩ ከሚሠሩ ሰዎች እጅ ያመለጠ የብረት ቧንቧ ጭንቅላቱን መታው። ሄልሜት አድርጎ ነበር። በቅርቡ የላካችሁልን ደብዳቤ የካሳ ጥያቄው ውድቅ መደረጉን፣ ሕክምናውንም ከእንግዲህ እንደማትሸፍኑ ይገልጻል። ምክንያታችሁ ሁለት መስመር እንኳ አልሞላም፦ ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው፣ ራሱን አልሳተም፣ ሐኪማችሁ ሲያየው ደህና ነበር።

ይህን የምጽፈው እኔ ሚስቱ ነኝ። እሱ አንድ ገጽ ሳይጨርስ ጭንቅላቱ ይወጠራል፣ ፊደሉም ይደበላለቅበታል። አረፍ እያለ አንብቤለት ፈርሞበታል።

መጀመሪያ ስለ አደጋው ቀን። አብሮት ይሠራ የነበረው ልጅ የሰጠው የምስክርነት ቃል ፋይላችሁ ውስጥ አለ። ውሳኔያችሁ ግን ስለ እሱ አንድም ነገር አይልም። ልጁ እንደተናገረው ባለቤቴ ከወደቀበት ብድግ ብሎ ቆመና «መሰላሉን ማን ወሰደው?» አለ። መሰላሉ እዚያው አጠገቡ ነበር። አሳዩት። ትንሽ ቆየና «መሰላሉን ማን ወሰደው?» አለ። ሆስፒታል እስኪደርሱ ድረስ ይህንኑ ሲጠይቅ ነበር። ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ጠዋት ሥራ መግባቱንና ማታ አልጋ ላይ መንቃቱን ብቻ ነው። መሐሉ የለም።

«ራሱን አልሳተም» የሚለው ምክንያት እዚህ ላይ ይወድቃል። ለኮንከሽን፣ ማለትም ጭንቅላት ሲመታ ለሚደርስ ቀላል ተብሎ ለሚመደብ የአንጎል ጉዳት፣ ራስን መሳት ግዴታ አይደለም። የአሜሪካ የተሃድሶ ሕክምና ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ትርጉም እንኳ ከምቱ በፊት ወይም በኋላ ያለ ትዝታ መጥፋትን፣ ወይም በዚያው ሰዓት መደናገርን በቂ ምልክት አድርጎ ይቆጥራል። ባለቤቴ ላይ ሁለቱም ታይተዋል፤ ምስክርም አለ።

ደብዳቤያችሁ በግላስጎው መለኪያ 15 ማግኘቱንም ይጠቅሳል። ይህ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 በግላስጎው በቲስዴልና በጄኔት የተዘጋጀ ነው። ሰው ዓይኑን ይከፍታል ወይ፣ ይናገራል ወይ፣ ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል ወይ የሚለውን ይለካል። ዝቅተኛው 3፣ ከፍተኛው 15 ነው። የተሠራው ንቃትን ለመለካት ነው። ሰውየው ከወር በኋላ የሥራ ፕላን ማንበብ ይችል እንደሆነ አይናገርም። እንዲናገር ታስቦም አልተሠራም።

አሁን ወደ ሲቲ ስካኑ። እውነቱን ለመናገር በጣም ያበሳጨኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ነገሩን በቅርብ የማያውቅ ሰው ሲሰማው አሳማኝ ይመስላል። ድንገተኛ ክፍል ሲቲ ስካን የሚነሳው በዋናነት ደም ፈስሷል ወይ፣ የራስ ቅል ተሰንጥቋል ወይ፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር አለ ወይ የሚለውን ቶሎ ለማወቅ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እነዚህ አልተገኙም። ነገር ግን አንጎል የራስ ቅል ውስጥ ሲናጥና ሲጠማዘዝ የሚለጠጡትና የሚጎዱት ከአንዱ የነርቭ ሕዋስ ወደ ሌላው መልእክት የሚያደርሱ በዓይን የማይታዩ ክሮች ናቸው። ሲቲ ስካን ይህን አያሳይም። ቀላል ተብሎ የሚመደብ የጭንቅላት ጉዳት ከደረሰባቸው ሰዎች የአብዛኛዎቹ ሲቲ ንጹሕ ሆኖ ነው የሚወጣው። ሄልሜቱም ቢሆን ቅሉን ከመሰንጠቅ ያድናል እንጂ አንጎሉ ውስጥ እንዳይናጥ ሙሉ በሙሉ አያግድም። ባለቤቴ ደብዳቤያችሁን ሳነብለት «ግድግዳው ስላልተሰነጠቀ ሽቦው አልተቆረጠም ይባላል እንዴ?» ነው ያለኝ። ሙያው ነውና ያውቀዋል።

አብዛኛው ሰው ከእንዲህ ዓይነት ጉዳት በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት እንደሚያገግም አውቃለሁ፤ አልክድም። እኛም ይህንኑ ስንጠብቅ ነበር። የማያገግሙ ሰዎች ግን አሉ። የካሳ ሥርዓትም የተሠራው ለእነሱ ነው፤ የዳነውማ ወደ ሥራው ተመልሷል።

ሐኪማችሁ ባለቤቴን ያነጋገረው ለአጭር ጊዜ ነው። መብራት ዓይኑ ላይ አበራ፣ አፍንጫህን በጣትህ ንካ አለው፣ ቀጥ ብለህ ተራመድ አለው፣ ቀኑንና ወሩን ጠየቀው። ከዚያ «እንዴት ነህ?» ሲለው «ደህና ነኝ» ብሎ መለሰ። ሪፖርቱ ላይ የተጻፈውም ይህ ነው፦ ታካሚው ደህና መሆኑን ገልጿል። እኔ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አብሬ እንድገባ አልተፈቀደልኝም። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሰው የራሱን ድክመት በትክክል ማየት ሊያቅተው ይችላል። ይህ ከጉዳቱ ምልክቶች አንዱ ነው። ለዚህም ነው ጥሩ ሐኪም አብሮ የሚኖረውን ሰውም የሚጠይቀው።

ብትጠይቁኝ ይህን እነግራችሁ ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ማብሪያ ማጥፊያ ተበላሸ። ለእሱ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ክዳኑን ፈታ፣ ቴስተሩን ያዘ፣ አንዱን ሽቦ ነካ። ሁለተኛውን ሊነካ ሲል ቆመ። የቱን እንደፈተሸ ጠፋበት። እንደገና ጀመረ። አሁንም ጠፋበት። እጁ ደህና ነው፣ ዓይኑ ደህና ነው፣ ሙያውንም አልረሳም። ተራውን ብቻ መያዝ አቃተው። ቆይቶ ቴስተሩን ወለሉ ላይ አስቀመጠና ክፍሉን አጨልሞ ተኛ። ይህ ሰው የአንድ ሕንፃ ሙሉ መስመር በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር።

ሌላም አለ። ማሽተት አቁሟል። የማሽተት ነርቮች በአፍንጫ ጣሪያ ላይ ባለ ስስ አጥንት ቀዳዳዎች የሚያልፉ ቀጫጭን ክሮች ናቸው፤ ጭንቅላት በኃይል ሲመታ ሊቆረጡ ይችላሉ። ይህን ለሐኪማችሁም ነግሮታል። ሪፖርቱ ውስጥ ግን የለም፤ ቅጻችሁ ላይም ስለ ማሽተት የሚጠይቅ ቦታ አላየሁም። ለብዙ ሰው ትንሽ ነገር ይመስላል። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ግን የሚቃጠል ሽቦ ሽታ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ያንን የማይሸት፣ የፈተሸውን ሽቦ ተራ የማያስታውስ ሰው «ወደ ቀድሞ ሥራው መመለስ ይችላል» ብላችሁ ጽፋችኋል። እባካችሁ ይህን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቡት። አደጋው ለእሱ ብቻ አይደለም፤ እሱ በዘረጋው መስመር ሥር ለሚኖረው ሰው ሁሉ ነው።

ቀላል ሥራ ተብሎ የቀረበለት አማራጭም የማይሆን ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን የሚጮህበትና ነጭ መብራት የሚበራበት መጋዘን ውስጥ ዕቃ መቁጠር። ጫጫታና ብርሃን የማይችል ሰው፣ ቁጥር የሚጠፋበት ሰው ነው ወደዚያ የተመደበው።

ሳያውቅ ያስቀረጻችሁትን ቪዲዮም አይተናል። ዕቃ ተሸክሞ መንገድ ሲሻገር ይታያል። አዎ፣ ተሸክሟል። ክንዱ ተጎዳ ያለ ማንም የለም። ቪዲዮው የማያሳየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ቤት ገብቶ እስከ ማግስቱ መጋረጃ ዘግቶ መተኛቱን።

በመጨረሻው የስልክ ጥሪ ደግሞ ሠራተኛችሁ ችግሩ «ድባቴ ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ከአንጎል ጉዳት በኋላ ድባቴ በብዛት ይታያል። ጉዳቱ ያመጣውን ነገር ጉዳቱን ለመካድ ማዋል ትክክል አይደለም። ከአደጋው በፊት እንዲህ ያለ ሕክምና ተከታትሎ አያውቅም፤ የሕክምና ታሪኩ በእጃችሁ ነው።

ይህን ሁሉ ክርክር ሊቋጭ የሚችል ምርመራ አለ። የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራ ይባላል። ሰዓታት የሚወስድ ነው። ትኩረትን፣ ትዝታን፣ የማሰብ ፍጥነትን፣ ዕቅድ የማውጣት ችሎታን አንድ በአንድ ይለካል። ተመርማሪው እያስመሰለ እንደሆነ ለማወቅ የሚረዱ ፈተናዎችም በውስጡ አሉት። ስለዚህ ከእኛ ይልቅ እናንተ ልትፈልጉት ይገባ ነበር። የሚከታተለው የነርቭ ሐኪም በጽሑፍ አዘዘው። እናንተ «አስፈላጊ አይደለም» ብላችሁ መለሳችሁት። ምርመራውን ከልክላችሁ ስታበቁ ማስረጃ የለም ብላችሁ ፋይሉን ዘጋችሁ። ቅሬታዬ በአጭሩ ይኸው ነው።

የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ በመሠረቱ የልውውጥ ስምምነት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1884 ሕጉን ካወጣች ጀምሮ በብዙ አገር የተሠራበት ሐሳብ ይህ ነው፦ ሠራተኛው አሠሪውን ፍርድ ቤት የማቆም መብቱን በአብዛኛው ይተዋል፤ በምትኩ ጥፋተኛው ማን ነው ሳይባል ሕክምናውና ገቢው ይሸፈንለታል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 121ም የሕክምናው ዓላማ የተጎጂውን ጤና፣ የመሥራት ችሎታውንና ራሱን የመርዳት አቅሙን መጠበቅና መመለስ እንደሆነ ይናገራል። ባለቤቴ የራሱን ድርሻ ተወጥቷል። አደጋው በዕለቱ ተመዝግቧል፣ ቀጠሮ አላጓደለም፣ የጠየቃችሁትን ወረቀት ሁሉ አስገብተናል።

ስለዚህ ፋይሉ ተከፍቶ የኒውሮሳይኮሎጂ ምርመራው ወጪ እንዲሸፈን እጠይቃለሁ። መርማሪው በአንጎል ጉዳት ላይ የሚሠራ ይሁን፤ እኔም የማየውን እንድናገር ይፈቀድልኝ። የማሽተት ምርመራም ይጨመር። ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የተቋረጠው ሳምንታዊ ክፍያና የነርቭ ሐኪሙ ክትትል ይቀጥል። የባልደረባው የምስክርነት ቃል ለምን እንደታለፈ በጽሑፍ እንዲብራራልን፣ የሐኪማችሁ ሙሉ ሪፖርትና ያልተቆራረጠው ቪዲዮ ቅጂም እንዲሰጠን እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ባለቤቴን በስልክ እየደወላችሁ አታናግሩት። ጥያቄው ሲረዝም መጀመሪያው ይጠፋበታል፤ ለመገላገል ሲል «አዎ» ይላል፣ እናንተም ያንን ትቀርጻላችሁ። የምትፈልጉትን በጽሑፍ ላኩ፤ አብረን አንብበን እንመልሳለን።

ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። ካልደረሰኝ የይግባኝ ጊዜው ሳያልፍ ጉዳዩን ለሚመለከተው የይግባኝ አካል አቀርባለሁ። የነርቭ ሐኪሙ ትእዛዝ፣ የምስክርነት ቃሉ ቅጂና እንድወክለው ባለቤቴ የሰጠኝ ውክልና ከዚህ ጋር ተያይዘዋል።

ከአክብሮት ጋር
የተጎጂው ባለቤትና ተወካይ