እኔ በእግሬ፣ ቤቱ በመኪና

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «የቤት ዋጋ ጨመረ እየተባለ ይጮሃል እንጂ ደመወዝም እኮ ጨምሯል» የሚል ነገር አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጸሐፊው አልዋሸም። ደመወዝ ጨምሯል። የኔም ጨምሯል፣ ተመስገን ነው። ግን ሁለት ነገር ጨመረ ማለት እኩል ጨመረ ማለት አይደለም። ትንሽ የምትመስለው ልዩነት ደግሞ ዓመት ሲደራረብባት ጉድ ነው የምታመጣው።

እስቲ አንድ ሰው እንውሰድ። የሚፈልገው ቤት የ10 ዓመት ደመወዙን ያክላል። ባንኩ 20 በመቶ ቅድመ ክፍያ አምጣ ይለዋል፤ የሁለት ዓመት ሙሉ ደመወዝ ማለት ነው። ሰውየው ጎበዝ ነውና ኪራይ እየከፈለ፣ ልጅ እያሳደገ፣ ከደመወዙ አንድ አምስተኛውን በየወሩ ያስቀምጣል እንበል (እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም፣ ግን ይሁን)። በ10 ዓመት ይሞላለታል። በወረቀት ላይ።

አሁን ደመወዙ በዓመት 4 በመቶ፣ ቤቱ 8 በመቶ ይጨምር። ከ10 ዓመት በኋላ ደመወዙ የድሮው አንድ ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፤ ቤቱ ግን ከእጥፍ አልፏል። ያ የ10 ዓመት ደመወዝ የነበረ ቤት በአዲሱ ደመወዝ እንኳ ሲሰላ ወደ 14 ዓመት ተኩል ገብቷል። ሰውየው ያጠራቀመው ደግሞ፣ የባንክ ወለዱን ትተን፣ አሁን ከሚጠየቀው ቅድመ ክፍያ ግማሹን አለፍ ቢል ነው። አንድም ወር ሳያጓድል ቆጥቦ ማለት ነው!

ይሄን ከሰው ሰምቼ አይደለም። ሒሳቤን የምጽፍባት ደብተር አለችኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምፈልገውን ቅድመ ክፍያ ጽፌ በቀይ እስኪርቢቶ ከብቤዋለሁ። በዓመቱ ሰርዤ ከጎኑ ሌላ ጻፍኩ። አሁን ሦስተኛው ቁጥር ላይ ነኝ፤ ቦታ ስላለቀ ከገጹ ዳር በቁም ነው የጻፍኩት።

ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየና «እኛስ ምን ነበረን? በደመወዛችን አይደል እንዴ የገዛነው» አለኝ።

«አባዬ፣ ያኔ የስንት ዓመት ደመወዝህን ወሰደብህ?»

በጣቱ ቆጠረ። «አራት ቢሆን ነው።»

«የኔ አሥራ ሁለት ነው።»

ደብተሯን መለሰልኝና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቆጥብ» ብሎኝ አያውቅም።

የአባቴና የኔ ነገር የአንድ ቤት ወሬ ከመሰላችሁ፣ እንግሊዝን ተመልከቱ። እዚያ በመንግሥት ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ስሌት በ1997 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) መካከለኛው የቤት ዋጋ የመካከለኛው ዓመታዊ ደመወዝ ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ነበር። በ2021 ወደ ዘጠኝ እጥፍ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ወረድ ብሎ በ2024 ስምንት እጥፍ አይሞላም። ወረደ መባሉ ደስ ይላል፣ ግን ሦስት ተኩል የት፣ ስምንት የት?

ሁልጊዜና በሁሉም አገር ቤት ይቀድማል ማለቴ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ ዋጋ ለዓመታት ቁልቁል ሄዷል። አየርላንድም በ2007 ጣሪያ የነካው የቤት ዋጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወደቀ። ችግሩ ዋጋው ሲወድቅ ሥራም አብሮ መውደቁ፣ ባንክም እጁን መሰብሰቡ ነው። ርካሽ ቤት መጣ ሲባል ገዢው ሥራ አጥቶ ተቀምጧል።

«ደመወዝ ከዋጋ ንረት በላይ አደገ» የሚለው ዜናም ያናድደኛል። በብዙ አገር የዋጋ ንረት ሲለካ ኪራይ ይቆጠራል፣ የቤት መግዣ ዋጋ ግን አይቆጠርም። ቤት መግዛት ፍጆታ ሳይሆን ኢንቨስትመንት ነው ብለው ነው። በባለሙያ ዓይን ትክክል ይሆናል። ለኔ ግን በሕይወቴ የምገዛው ትልቁ ነገር ሚዛኑ ላይ ሳይወጣ «ኑሮህ ተሻሽሏል» እየተባልኩ ነው።

የወለዱም ነገር አለ። ዋናው ነገር ወርሃዊ ክፍያው ነው፣ ወለድ ዝቅ ካለ ቤት ቢወደድም ይቻላል የሚሉ አሉ። አሜሪካ ውስጥ የ30 ዓመት የቤት ብድር ወለድ በ2021 መጀመሪያ ከ3 በመቶ በታች ነበር፤ በ2023 መጨረሻ ገደማ ወደ 8 ተጠጋ። ለዚያው ለ30 ዓመት ብድር ወለዱ ከ3 ወደ 7 ቢዘል እንኳ ወርሃዊ ክፍያው ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ከግማሽ በላይ የጨመረለት ደመወዝተኛ ካለ ያስተዋውቁኝ።

ቤቱን ያስወደደው ብዙ ጊዜ ብሎኬቱና ሲሚንቶው ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው መሬት ነው። ሥራ ባለበት፣ መንገድ በደረሰበት ቦታ መሬት አይበዛም። ደመወዝተኛው ደግሞ እዚያ የሚጫረተው ከሌላ ደመወዝተኛ ጋር ብቻ አይደለም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ቤት ከሚገዛ ሰው ጋርም ነው። ያ ሰው የሚመጣው በደመወዙ ሳይሆን በፊተኛው ቤቱ ነው። ቪየና ከነዋሪው ግማሽ ያህሉ በከተማው ወይም በድጎማ በተሠራ ቤት ይኖራል፤ ሲንጋፖር አብዛኛው ሰው መንግሥት ባሠራው ቤት ነው ያለው። እነሱም ጣጣቸው ብዙ ነው። ግን ሁሉንም ሰው ለጨረታ አላሰለፉም።

ባለቤቶቹንም አልወቅስም። ቤትህ ተወደደ ሲባል ማን ይጠላል? ግን ሸጦ የተሻለ ልግዛ ቢል ያኛውም ተወዷል፤ ልጁ ደግሞ እንደኔ ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሌላ ጊዜ ስለ ቤት ስትጽፉ «ይህን ያህል በመቶ ጨመረ» ብላችሁ አትለፉት። የስንት ዓመት ደመወዝ እንደሆነና ቅድመ ክፍያው በስንት ዓመት ቁጠባ እንደሚሞላ ጻፉልን። ቁጥሩን አምና ከነበረው አጠገብ አድርጉት፣ እኔ ደብተሬ ላይ እንዳደረግኩት፤ የተሰረዘውም ይታይ።

ተከራይ አንባቢያችሁ