ጥንዱን አትበትኚው

ይድረስ ለልጄ፣ ደሴ

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጀምሯል። እናትሽ በሶ አስፈጭታለች፤ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።

የላክሽልኝን ሠንጠረዥ ሁለት ማታ አየሁት። ጤፉ በመስመር የተዘራበት መደብ በብተና ከተዘራበት በአማካይ በ2 ኪሎ በልጦ ሳለ «ልዩነት የለውም» ማለትሽ አልዋጥልኝ አለ። ጥፋቱ ማሳው ላይ አይደለም። ስምንቱን የመስመር መደብ በአንድ ጆንያ፣ ስምንቱን የብተና በሌላ ጆንያ ከተሽ ነው ያወዳደርሽው። የገራዶው ዋልካ 27 ኪሎ ሲሰጥ የሐርቡው ጭንጫ 9 ነው የሰጠው። በዚህ መራራቅ መሀል 2 ኪሎ የት ይታያል? ቲው፣ ማለት ልዩነቱ ከቁጥሮቹ መዋዠቅ አንፃር ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ ከ1 በታች መውጣቱ አልደነቀኝም።

ስትዘሪ እኮ በየገበሬው ማሳ ሁለቱን መደብ ጎን ለጎን ነው ያደረግሽው፤ የትኛው በመስመር እንደሚዘራም ሳንቲም ወርውረሽ ነው የለየሽው። ያ ሁሉ ድካም ለምን ሆነና! ከእያንዳንዱ ገበሬ የመስመር ምርት ላይ የራሱን የብተና ምርት ቀንሺ። እኔ በእጄ ቀንሼ 2፣ 3፣ −1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 2፣ 2 አገኘሁ። ከዚህ ወዲያ ያለሽ 16 ቁጥር ሳይሆን 8 ልዩነት ነው። አማካዩ 2፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የመበታተናቸው መለኪያ) 1.51። 1.51ን ለ8 ካሬ ሥር ስታካፍዪው 0.53 ገደማ፤ 2ን ለዚያ ስታካፍዪ ቲው 3.74 ይመጣል። በ7 የነፃነት ዲግሪ (ከ8ቱ ጥንድ አንድ ሲቀነስ)፣ በ5 በመቶ የስህተት ዕድል፣ በሁለቱም ጎን (ቢበልጥም ቢያንስም) የሚፈለገው ቢያንስ 2.365 ነው። «ልዩነት የለም» የሚለው መላምት ወደቀ ማለት ነው።

ይሄ ቲ የተወለደው ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ አላህ ይቅር ይበለንና። ዊልያም ጎሴት ደብሊን ጊነስ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ጻፈው። እዚያው ላይ የገብስ ዘር ሳይዘራ በፊት በምድጃ ቢደርቅ ይጠቅም እንደሆነ በ11 ጥንድ መርምሯል። እሱም እንዳንቺ ጭንቁ ጥቂት ቁጥር ነበር።

ያችን −1 ለማውጣት እንዳይቃጣሽ። ከብት ገብቶበት ከሆነ ጻፊው፤ ስላልጣመሽ ግን አይሰረዝም። ጥንዶቹ ጥቂት ስለሆኑ ልዩነቶቹን በነጥብ ሥዪያቸው፤ አንዱ ብቻውን በጣም ካፈነገጠ ቲውን አትመኚው፤ ልዩነቶቹን በደረጃ አሰልፎ የሚያወዳድረውን የዊልኮክሰንን ፈተናም ሞክሪ። የእነዚህ ግን ደህና ናቸው።

ለገበሬዎቹ ስትነግሪ 3.74ን እዚያው ተዪው። መደብሽ 100 ካሬ ሜትር ስለሆነ 2 ኪሎ በሄክታር 2 ኩንታል ነው፤ እውነተኛው ልዩነት የሚገኝበት የ95 በመቶ ግምት ሲሰላ ደግሞ ከ0.7 እስከ 3.3 ኩንታል ይሆናል። የሐርቡው ሰውዬ ሰኞ ገበያ አግኝቶኝ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው፦ በመስመር ለመዝራት ስንት ሰው ስንት ቀን ፈጀ? መዝግበሽዋል?

አባትሽ
ከኮምቦልቻ