የፊዚክስ ክበብ ዘንድሮ

የክበባችን ዓመት በሙከራ ተጀምሮ፣ ፊዚክስን ትልቅ ዩኒቨርሲቲ መማር ጥቅም አለው ወይ በሚል ክርክር አለቀ። ሙከራው በሌዘር ፖይንተር የፀጉርን ውፍረት መለካት ነበር። ብርሃኑ ፀጉሩን ታኮ ሲያልፍ ግድግዳ ላይ ብሩህና ጨለማ መስመር ይሠራል። በመስመሮቹ መሀል ካለው ርቀት ተነሥቶ ውፍረቱ ይሰላል። ቡድኖቹ የለኩት ያንኑ አንድ ፀጉር ነው፤ ይዘውት የመጡት ቁጥር ግን ለየቅል ሆነ። የማን ልክ ነው? ከመጽሐፉ ጀርባ መልስ የለው ነገር!

ከተመራቂ አባሎቻችን አንዷ «እንዲህ መልሱ ያልተጻፈ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚሠራው የት ነው?» አለች። ትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው አልኳት። አልተዋጠላትም። «የኒውተን ሕግ የትም ቢማሩት ያው አይደለም እንዴ?»

እውነቷን ነው። መካኒክስና ኤሌክትሮማግኔቲዝም የትም ቢሄዱ ብዙም አይለያዩም። እንዲያውም ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ መምህሩ ተማሪውን በስሙ ያውቀዋል። ትልቁ ጋ ግን የአንደኛ ዓመት ተማሪ አዳራሽ ሙሉ ሰው መሀል ይቀመጣል፤ መልመጃውን የሚያርምለትም ብዙ ጊዜ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው። የትልቁን ጥቅም ከክፍል ውጭ እንፈልገው ብለን አባላቱ ታሪክ ማገላበጥ ጀመሩ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ብዙ ያነጋገረን ኧርነስት ማርስደን ነው። በ1909 በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚማር የ20 ዓመት ልጅ ነበር። እዚያ የፊዚክስ ፕሮፌሰር የነበረው ራዘርፎርድ «የአልፋ ቅንጣቶች (ከራዲዮአክቲቭ ነገር የሚወጡ ጥቃቅን ቅንጣቶች) ብረት ነክተው ወደ ኋላ የሚመለሱ እንደሆነ እስቲ እይ» አለው። ይመለሳሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሥራው ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ቅንጣቶቹ ስክሪን ሲመቱ የሚፈጥሩትን ብልጭታ በማይክሮስኮፕ መቁጠር ነው። አሰልቺ ነው፣ ዓይን ያደክማል። ጥቂቶቹ ግን በእርግጥ ተመለሱ። ራዘርፎርድ በ1911 አቶም መሀሉ ላይ ኒውክሊየስ፣ ማለትም ትንሽ ጥቅጥቅ ያለ እምብርት፣ አለው ያለው ከዚህ ተነሥቶ ነው። «ዕድለኛ ስለሆነ ነው» ያለ አባል ነበር። ይሁን፤ ግን ያ ዕድል ራዘርፎርድ የሚሠራበት ሕንፃ ውስጥ ባይማር ከየት ይመጣለት ነበር?

ዶና ስትሪክላንድም አለች። ሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳለች፣ በ1985 ከአማካሪዋ ከጄራር ሙሩ ጋር አጭር የሌዘር ምትን መጀመሪያ ዘርግቶ፣ አጉልቶ፣ ከዚያ መልሶ የማሳጠር ዘዴ አወጡ። ዛሬ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ጭምር ያገለግላል። ኖቤሉ የመጣው በ2018 ነው። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር የሱፐርኮንዳክቲቪቲን (አንዳንድ ብረት በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መከላከል የማስተላለፉን) ቲዎሪ በ1957 ሲያወጡ አንዱ አንጋፋ ፕሮፌሰር፣ አንዱ ዶክትሬቱን በቅርቡ የጨረሰ፣ አንዱ ገና ተማሪ ነበሩ። እኔ ለትልቅ ዩኒቨርሲቲ የምከራከረው በዚህ ነው። ጀማሪውና አንጋፋው አንድ ችግር ላይ አብረው ሲቸገሩ ማየት ከሌክቸር አይገኝም።

ሁሉም ግን እንዲህ አያምርም። ጆስሊን ቤል በርኔል በ1967 ካምብሪጅ ተማሪ ሆና ፐልሳርን፣ ማለትም በየጊዜው የራዲዮ ምት የሚልክ ኮከብን፣ አገኘች፤ የ1974ቱ ኖቤል ግን ለአማካሪዋና ለሌላ ባልደረባው ተሰጠ። አባሎቻችን በዚህ በጣም ተናደዱ። እኔም አላረጋጋኋቸውም።

መጨረሻ ላይ አባላቱ ከማመልከት በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎችን ጻፉ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ምርምር ላብ የሚገባው ስንተኛ ዓመት ላይ ነው? ላብ ገብቶ ይሠራል ወይስ ዕቃ ያጥባል? በየቀኑ የሚከታተለው ማነው? በሚታተመው የምርምር ጽሑፍ ላይ ስሙ ይገባል? ዝርዝሩ የፊዚክስ ላብ በር ላይ ተለጥፏል። ተመራቂዎች ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት ጎራ በሉ፤ በምሳ ሰዓት እዚያው አለሁ።